የትርንጎ በቅሎ

ይህ ነገር የሆነበት አገር ሩቅ ነው። ምን ያህል ሩቅ ነው ብትሉኝ፣ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላውቅም፤ ከዚያ መጣሁ የሚል ግን በየጊዜው ያጋጥመኛል። የሰማሁትን እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ።

በዚያ አገር በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ከተሞች ነበሩ። በአምባው ላይ ያለው ጎሽ አምባ፣ ከወንዙ ማዶ ለጥ ባለው መሬት ላይ ያለው ደግሞ ወይራ ሜዳ ይባላል። በመካከላቸው የድንጋይ ድልድይ አለ። የጎሽ አምባ ሰው ልጁን ለወይራ ሜዳ ይድራል፤ የወይራ ሜዳ ሰው ከብቱን በጎሽ አምባ ተዳፋት ያሰማራል። ለቅሶውም ሰርጉም የጋራ ነው። የማይስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማን እንደሚበልጥ።

ይህንንም ቢሆን በሥርዓት ነበር የማይስማሙት። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጠራ «የእንበልጣለን ቀን» የሚሉት ቀን ነበራቸው። ያን ቀን የሁለቱ ከተማ ሰው ነቅሎ ወጥቶ በድልድዩ ወዲህና ወዲያ ይቀመጣል። መሀል ላይ ሁለት በርጩማ ይደረጋል። እያንዳንዱ ከተማ «አፈ ከተማ» የሚባል አንድ ሹም አለው፤ ሥራው የራሱን ከተማ ማወደስና የጎረቤቱን መስደብ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው በተራ ይናገራሉ፤ ቀድሞ የሳቀ ይሸነፋል። ያሸነፈው ከተማ ለዚያ ዓመት በላጭ ይባላል። ነገር ግን ሕጉ «የበለጠ ይደግሳል» ስለሚል፣ ለሁለቱም ከተማ ሕዝብ ድግሱን የሚያሰናዳው እሱ ነው። ስለዚህ ያሸነፈ ብዙ አይኩራራም፤ የተሸነፈም ብዙ አያዝንም። «ዘንድሮስ እናንተ ብለጡ» እያለ ይበላል፤ በልቶም መርቆ ይሄዳል።

በጊዜው የጎሽ አምባ አፈ ከተማ ጠገናው የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበር። ረጅምና ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ሚስቱ አስካለ ትባላለች። የወይራ ሜዳዋ ትርንጎ የምትባል ቅመም ነጋዴ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። ሁለቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእነዚያ በርጩማዎች ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

በሃያኛው ዓመት ትርንጎ ቀድማ ጀመረች።

«የጎሽ አምባን ጉድጓድ ታውቁታላችሁ» አለች። «ባለፈው በቅሎዬን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ጠምቷት ነበርና ከጉድጓዳቸው ቀድቼ አቀረብኩላት። አሸተተችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ‹ይህን ያህል ዘመን ሳገለግልሽ ምን በደልኩሽ?› አለችኝ።»

ወይራ ሜዳ በሳቅ ፈረሰ። ጠገናው ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁ ሲያልፍለት ተራውን ያዘ።

«ሁለት የወይራ ሜዳ ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኙ» አለ። «ሰላምታ ሲጀምሩ አጠገባቸው ገበሬው ይዘራ ነበር። ‹ከብቱስ ደህና ነው? ጎረቤትስ? የጎረቤት ጎረቤትስ?› ሲባባሉ ዘሩ በቀለ፣ አሸተ፣ ታጨደ። ገበሬው እህሉን ወቅቶ ሲመለስ ሰዎቹ ገና ‹ለመሆኑ ስምህ ማን ነው?› እየተባባሉ ነበር።»

አሁን ደግሞ ጎሽ አምባ ፈረሰ። ትርንጎ ጉንጯ ተነፋ፤ ግን አልሳቀችም። «ካላመንከኝ በቅሎዬን ጠይቃት» አለችው። «ብቻ አትመልስልህም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከጎሽ አምባ ሰው ጋር አትነጋገርም።»

ጠገናው ሳቀ። ወይራ ሜዳ ደገሰ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጽፍ ነበር።

ሰውየው ከታላቁ ግቢ የተላኩት ሊቀ መስፈርት ስንሻው ናቸው። የአገሩ ሚዛንና ቁና፣ ክንድና ስንዝር ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። ንጹሕ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሳይጠርጉ ድንጋይ ላይ የማይቀመጡ ሰው ነበሩ። በማግስቱ ሁለቱን ከተሞች ድልድዩ ላይ ሰብስበው አዋጁን አነበቡ።

«ግቢው ሲመለከት ሁለት ከተሞች በየዓመቱ እየተፈራረቁ ይበላለጣሉ። አንድ ነገር ዘንድሮ ትልቅ፣ ከርሞ ትንሽ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የሚበልጠው አንድ ጊዜ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ፣ ነገሩ ያልቃል። የበለጠው ‹ታላቅ ከተማ› ይባላል፤ ያነሰው ‹ታናሽ ከተማ›። የታናሹ ሰው ለታላቁ ሰው መንገድ ይለቃል፣ ቆሞ ያሳልፈዋል፣ በሸንጎም ከኋላው ይቀመጣል።»

አንድ ሽማግሌ ከወይራ ሜዳ በኩል ተነሡ። «ድግሱስ፣ ጌታዬ?»

«ድግሱ ቀርቷል» አሉ ሊቀ መስፈርት። «ለሚበልጥ ይደገስለታል እንጂ እሱ አይደግስም።»

የተቃወመ አልነበረም። ሁለቱም ከተሞች እኛ እንበልጣለን ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ሁለቱም ደስ እያላቸው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ልኬቱ ተጀመረ። የዛፍ ጥላ የሚለካ ጸሐፊ መጣ፤ የሽማግሌ ፂም የሚመዝን መጣ፤ የውሻ ጩኸት እስከ የት እንደሚሰማ በእርምጃ የሚቆጥር መጣ። ጎሽ አምባ ውስጥ ፂም መላጨት ነውር ሆነ። ወይራ ሜዳዎች ውሾቻቸው አብዝተው እንዲጮኹ ማስራብ ጀመሩ። ይህ ሁሉ ግን እንደ ጨዋታ ይታይ ነበር። ጨዋታው ያበቃው ሊቀ መስፈርት ወደ ምስክርነቱ ገጽ ሲደርሱ ነው።

አፈ ከተማ ሹመት ነው፤ ሹም በአደባባይ የተናገረው ደግሞ በመዝገቡ ሕግ ምስክርነት ነው። ስለዚህ በኅዳር ወር ሁለት ትእዛዝ ወጣ። የጎሽ አምባ ጉድጓድ ውሃ እንስሳ እንኳ የማይጠጣው መሆኑ በምስክር ስለተረጋገጠ፣ ጉድጓዱ በሳንቃ ተከድኖ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ ታተመበት። የወይራ ሜዳ ሰዎች ሰላምታ ደግሞ ከዘር እስከ አጨዳ የአገሩን ጊዜ የሚበላ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ለአንድ ሰው ሰላምታ ከሦስት ቃል በላይ እንዳይሆን ተከለከለ። በየመንገዱ ቃል ቆጣሪ ቆመ።

የጎሽ አምባ ሴቶች እንስራ አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዱ ጀመር። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠዋት የወረደች ፀሐይ ሲበረታ ትመለሳለች። ወይራ ሜዳዎች ደግሞ መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንዴት አደርክ?» ካሉ በኋላ አንድ ቃል ብቻ ይተርፋቸዋል፤ በዚያች አንድ ቃል ስለ ልጅ ይጠይቁ ወይስ ስለ ከብት ሳይወስኑ ይተላለፋሉ።

በመጀመሪያ ሰሞን ሁለቱ ከተሞች ተዛዘኑ። ኋላ ግን ማን እየመራ እንደሆነ በየሳምንቱ ድልድዩ ላይ ሲለጠፍ፣ የጎረቤት ችግር የራስ ነጥብ ሆነ። ወይራ ሜዳዎች ወንዙ ዳር ቆመው የጎሽ አምባን ሴቶች «ዛሬስ በርቱ» ይሏቸው ጀመር፤ ምርቃት አልነበረም። ጎሽ አምባዎችም በገበያ ቀን ወይራ ሜዳዎች እያዩዋቸው፣ ሆን ብለው ለሩብ ቀን ያህል ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። ከዚያ ወዲያ በድልድዩ የሚሻገር እየቀነሰ ሄደ። የታጩ ልጆች ሳይዳሩ ቀሩ።

በየካቲት የጠገናው ሚስት አስካለ ከወንዝ ስትመለስ ዳገቱ ላይ አንሸራተታት። እንስራው ተሰበረ፤ የእሷም ዳሌ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ፣ አስሮ፣ «ከተነሣችም በምርኩዝ ነው» አለ።

በድልድዩ የሚሻገር ስለጠፋ ትርንጎ ይህን የሰማችው ከወር በኋላ፣ ከአንድ ጨው ነጋዴ ነው። ሚዛኗን አስቀመጠች፤ መመዘን የጀመረችውን ኮረሪማ እንኳ ለገዢው ሳትጨርስ ነጠላዋን አጣፍታ ድልድዩን ተሻገረች።

ጠገናው ደጃፉ ላይ ኮርቻ ይሰፋ ነበር። ሲያያት ከተቀመጠበት ተነሣ፤ «ግቢ» ግን አላላትም።

«አያ ጠገናው» አለች፣ «አስካለን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«በቅሎሽን የት ጥለሻት መጣሽ?» አላት።

እየቀለደ አልነበረም። ትርንጎ መልስ አጣች። በዚያ ሁሉ ዓመት መልስ ስታጣ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ደስም አላለው።

ከውስጥ የአስካለ ድምፅ መጣ። «አስገባት እንጂ ጠገናው። የጣለኝ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም የራሳችን ድንጋይ ነው።»

አስካለ መደብ ላይ ተጋድማ ነበር። ትርንጎ አጠገቧ ተቀመጠችና እግሯን በነጠላው ላይ በእጇ ነካች። «እኔ ነኝ የሰበርኩሽ» አለች።

«አንቺ ያሳቅሽኝ ነሽ» አለች አስካለ። «የሰበረኝ የጻፈው ነው። አሁን አታልቅሺ፤ ካለቀስሽ እኔም አለቅሳለሁ፣ ሳለቅስ ደግሞ ይወጋኛል።»

ጠገናው በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ትርንጎ ዞር ብላ አየችው። «አንተም የሆነውን ስማ። ደርበው ሸማኔው፣ ጎረቤቴ፣ ልጁ ሞተበት። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ቆጣሪ ቆመበት። የመጣው ሁሉ ‹እግዜር ያጽናህ› ብሎ ይቀመጣል። ልጁ እንዲህ ነበር፣ እንዲህ ያደርግ ነበር የሚል የለም። ሦስተኛው ቀን ላይ ደርበው ‹እትዬ፣ ልጄን ማንም አላወቀውም ነበር እንዴ?› አለኝ።»

ጠገናው በሩን ለቀቀ። ወደ ደጅ ወጥቶ መስፊያውን አነሣ፤ ሲሰፋ ግን አልታየም።

ትርንጎ ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ድልድዩ አጠገብ ወደተተከለው የሊቀ መስፈርት ድንኳን ነው።

«ጌታዬ» አለች፣ «ስለ ጉድጓዱ የተናገርኩት ቀልድ ነው። እባክዎ ይከፈትላቸው።»

ሊቀ መስፈርት መዝገቡን ገለጡ። «እዚህ ‹ምስክርነት› የሚል ዓምድ አለ። ‹ልክ› የሚል ዓምድም አለ። ‹ቀልድ› የሚል የለም።»

«በቅሎ እኮ የለኝም፣ ጌታዬ።»

«አለሽ። ገጽ አርባ ሁለት ላይ ነው። ‹ቡላ በቅሎ› ይላል።»

«እኔ ቡላ አላልኩም።»

«ቀለሙን ጸሐፊው ሲገለብጥ አሟልቶት ነው። ቀለም የሌላት በቅሎ መመዝገብ አይቻልም።»

«ኖራኝም አታውቅም። ቅመሜን በጀርባዬ ነው የማመላልሰው፤ የፈለጉትን ሰው ይጠይቁ።»

ሊቀ መስፈርት ብዕራቸውን አስቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያምኑት የተጻፈውን ነበር። «ምስክር ቃሉን የሚያነሣበት መንገድ አንድ ነው» አሉ። «በአደባባይ ቆሞ ‹ሐሰተኛ ነኝ› ይላል። ያን ጊዜ የመሰከረው ይፋቃል። ነገር ግን አንቺ የከተማሽ አፍ ነሽ። አፉ ሐሰተኛ ከሆነ ከተማውም ሐሰተኛ ነው፤ ሐሰተኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ልኬት ሳያስፈልገው ታናሽ ይሆናል። አንቺም እስክትሞቺ በአደባባይ አትናገሪም።» መዝገቡን እየዘጉ፣ «ደህና አድርገሽ አስቢበት። ከተማሽ እየመራ ነው» አሏት።

ትርንጎ ከተማዋን ሳታማክር አላደረገችውም። ሸንጎው ተጠርቶ ነገሩን ተናገረች። የሸንጎው ዳኛ በእርጋታ ነው የመለሱላት።

«ልጄ፣ ለጎሽ አምባ ውሃ ብለን የልጅ ልጆቻችን መንገድ እየለቀቁ ይኑሩ ነው የምትይን?»

«የተናገርኩት ሐሰት ስለሆነ ነው፣ አባቴ።»

«ሐሰት መሆኑንማ ሁላችንም እናውቃለን። ስንስቅ የነበረው ለምን ይመስልሻል?»

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ከኋላ ደርበው ሸማኔው ተነሣ። በሸንጎ ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ ሲናገርም ማንንም አላየም።

«ልጄን የቀበርኩት እየመራ ባለ ከተማ ውስጥ ነው» አለ። «ያጽናናኝ ግን የለም። ታናሽ ከተማ ውስጥ ብኖር ከዚህ የከፋ ምን ያገኘኛል?»

ተመልሶ ተቀመጠ። ትርንጎን «እሺ» ያላት አልነበረም፤ «እምቢ» ያላትም አልነበረም። ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ትርንጎ ድልድዩ መሀል ቆመች። ሊቀ መስፈርት መዝገባቸውን ይዘው ተቀመጡ። የሁለቱ ከተማ ሰው ከበበ።

«እኔ ትርንጎ፣ የወይራ ሜዳ አፍ፣ ሐሰተኛ ነኝ» አለች። «በቅሎ የለኝም፤ ኖራኝም አታውቅም። የጎሽ አምባ ውሃ ጥሩ ውሃ ነው። እኔ ራሴ ጠጥቼዋለሁ።»

ጸሐፊው ፋቀ። ወይራ ሜዳዎች ወደ መሬት አዩ። ከጎሽ አምባ በኩል ግን እልልታ ሊጀምሩ የከጀሉ ነበሩ፤ ታላቅ ከተማ ሆነዋልና። ከመካከላቸው ጠገናው ወደፊት ሲራመድ ታየ። አንዱ ጋቢውን ያዘው።

«ምን ልታደርግ ነው? አሸንፈናል እኮ።»

ጠገናው ጋቢውን ለሰውየው ትቶለት ሄደ። ትርንጎ አጠገብ ቆመ። እሷ አልጠየቀችውም ነበር፤ እሱም እንደሚመጣ አልነገራትም።

«እኔ ጠገናው፣ የጎሽ አምባ አፍ፣ ሐሰተኛ ነኝ» አለ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ። «ሰላምታቸው ጊዜ ይበላል ብያለሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ የወይራ ሜዳ ሰዎች መጥተው ስለ እሷ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስለ በሬዬና ስለ አጥሬ ጠየቁኝ። ሲጠይቁኝ መሸ፤ ሲጠይቁኝ ሳምንት አለፈ። ያን ሰሞን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ያ ሰላምታ ነው። የበላብኝ ጊዜ የለም።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ሊቀ መስፈርትን አየ። ሊቀ መስፈርት መዝገቡን ወደፊት ገለጡ፤ ወደኋላ ገለጡ።

«ሁለት ታናሽ ሆነ» አሉ በመጨረሻ። «ታላቅ ግን የለም።»

«እንዲያ ይጻፍ» አሉ አንድ አሮጊት።

«አይጻፍም። ታናሽ የሚለካው ከታላቅ ነው። ከማን እንዳነሱ ሳይታወቅ አነሱ ማለት አይቻልም።» አስበው አስበው፣ «ግቢውን እጠይቃለሁ» አሉ።

ለሕግ ታማኝ ነበሩና ዕለቱን ራሳቸው ወደ ጎሽ አምባ ወጥተው የጉድጓዱን ማኅተም አነሡ፤ ቃል ቆጣሪዎቹንም ሰበሰቡ። የሁለቱን ሐሰተኞች አፍ የሚዘጋውን ትእዛዝ ግን ጽፈው፣ ፈርመው፣ ድልድዩ ላይ ለጠፉ። በማግስቱ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። እኔ እስከማውቀው ድረስ የግቢው መልስ አልመጣም።

ጉድጓዱ ቢከፈትም ውሃው ተበላሽቶ ነበር። ወራት ሙሉ ሳይቀዳ ተከድኖ ስለቆየ ደለል ሞልቶታል፤ ሳንቃውም በስብሶ ገብቶበታል። ጎሽ አምባዎች ምን እናድርግ ሲሉ፣ ሰኞ ጠዋት ወይራ ሜዳዎች መቆፈሪያና ገመድ ይዘው ተነሡ። ደርበው ከፊት ነበር። ማንም አልጠራቸውም። ጎሽ አምባ የደረሱት ግን ቀትር ላይ ነው፤ በመንገድ ያገኙትን ሁሉ ሰላም እያሉ፣ የወራቱን ሰላምታ እያወራረዱ ስለመጡ።

ሦስት ቀን ሙሉ የሁለቱ ከተማ ሰው ጉድጓዱን ጠረገ። ደርበው በገመድ እየወረደ ጭቃውን ይሞላል፤ ሌሎቹ ይስባሉ። ወሬው በመጀመሪያ ቁጥብ ነበር። የሚናገር ሰው የተናገረውን ወዲያው ያሰላስላል፤ የሚሰማውም ዙሪያውን ያያል፣ የሚጽፍ እንዳለ። ሳቅ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሩ ውሃ ወጣ። ደርበው ባልዲውን ጠርዙ ላይ አስቀመጠው። ሰው ሁሉ ሳያስበው ወደ ትርንጎ ዞረ። እሷ ከሴቶቹ ጋር ጭቃ ስታመላልስ ውላ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ለብሶ ቆማ ነበር። ውሃውን አየች። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ትእዛዙ ትዝ አላትና መልሳ ገጠመችው። ከማዶ የቆመው ጠገናው አንገቱን ደፋ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያስቁ የኖሩ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ባልዲ ውሃ መካከላቸው አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። ውሃውን ለመቅመስ የደፈረም አልነበረም።

የጠገናው ቤት ከጉድጓዱ አጠገብ ነው። አስካለ በሁለት እጇ ምርኩዝ ይዛ፣ ከተሰበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር።

«ትርንጎ» ብላ ተጣራች።

ትርንጎ ቀና አለች።

«አደባባዩ የእነሱ ነው። ቤቱ ግን የእኔ ነው» አለች አስካለ። «ግቢና ስደቢን።»

ትርንጎ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጠገናው ቀድሞ ሄዶ በሩን ያዘላትና ገባች። ደርበው ባልዲውን አንሥቶ ተከተላት፤ ከዚያ አንድ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሁለት፣ ቤቱ እስኪሞላ ድረስ። የተረፉት በመስኮት ሥር ተጠጋጉ።

ምን እንዳለቻቸው አልነግራችሁም፤ የተባለው ቤት ውስጥ ነው።